የልብ በርና የመድኃኒት ዘመን፦ ከኦክስፎርድ እስከ ፍኖተ ሰላም

በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ከሱዳን ጠረፍ ተነሥቶ በኦሜድላ በኩል የገባው የጌዴዎን ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር በመተባበር ወደ ቡሬ ይገሠግሥ ነበር። በወሩ መጨረሻ ገደማም የኢጣልያ ጦር ቡሬን ለቅቆ በማንኩሳና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ይህ የታወቀ ታሪክ ነው። በዚያው ወር፣ የካቲት 5 ቀን፣ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ የተፈጸመው ሌላው ታሪክ ግን በእኛ ዘንድ ብዙ አይወሳም። ፊቱ በመግል የተመረዘ፣ አንድ ዐይኑም የወጣለት የ43 ዓመት ፖሊስ በዚያ ዕለት ፔኒሲሊን የተባለውን አዲስ መድኃኒት በመርፌ ተቀበለ። በማግሥቱ ትኩሳቱ በረደ፤ ምግብም ፈለገ። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ የነበረው መድኃኒት በጣም ጥቂት ስለነበረ ሐኪሞቹ ከበሽተኛው ሽንት ውስጥ ፔኒሲሊኑን እያጣሩ እንደገና እስከ መስጠት ደረሱ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ያም አለቀ። ሰውዬው መጋቢት 6 ቀን ዐረፈ።

ይህ ታሪክ ከሰማሁት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ፖሊሱን የገደለው የመድኃኒት ድካም ሳይሆን የመድኃኒት ማነስ ነበር። የሰው ልጅ በዚያ ወር ሁለት ነገር ተማረ፤ አንደኛ መድኃኒቱ እንደሚያድን፣ ሁለተኛ በሙሉ መጠንና እስከ መጨረሻው ካልተሰጠ ግን በሽታው ተመልሶ እንደሚያሸንፍ። የመጀመሪያውን ትምህርት ዓለም ወዲያው ተቀበለው። ሁለተኛውን ግን እስከ ዛሬ በሚገባ የተማርነው አይመስለኝም።

የማኅበራችን የመጽሔት ዝግጅት ኮሚቴ ሙያችንና የሕክምና ታሪክ ስለሚገናኙበት ነገር እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ ብዙ ማሰላሰል አላስፈለገኝም። ጥያቄው አስቀድሞ ቀርቦልኝ ነበርና ነው። የአክስቴ ልጅ በቡሬ ዙሪያ ገጠር ተወልዶ ያደገ ገበሬ ነበር። በልጅነቱ ጉሮሮውን ደጋግሞ ያመው ስለነበረ በአካባቢው ልማድ እንጥሉ ተቆረጠ። ጥቂት ቆይቶ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እያበጠ ይጠዘጥዘው ጀመር፤ ቁርጥማት ነው ተባለና ታለፈ። ከሃያ ዓመቱ በኋላ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። በመጨረሻም ለብዙ ሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ያዘው። ከገበያ የተገዛ እንክብል ዋጠ፤ ሲሻለው ተወ፤ ሲመለስበት ሌላ ዓይነት ገዛ። ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ ሐኪሙ ልቡን አዳምጠው የልቡ በር እንደተበከለ ነገሩን። መድኃኒት ተጀመረለት፤ ትኩሳቱን ግን አልበገረውም። ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን የተላመዱ ሳይሆኑ እንደማይቀር ሐኪሙ ገለጡልን። ይህን ለማረጋገጥ ደሙ በላቦራቶሪ በካልቸር ሲመረመር ግን አስቀድሞ በተዋጠው እንክብል የተነሣ ምንም አልበቀለም። በአምስተኛው ሳምንት ዐረፈ።

ከቀብር መልስ አክስቴ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ወንዙን የምትገድብ፣ ውሃውን በበር የምትለቅ አንተ ነህ ይሉኛል። የልጄን የልብ በር የሚያበጅ መሐንዲስስ አልነበረም ወይ?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

የልብ በር ምንድን ነው?

ልብ ፓምፕ ነው ቢባል ለእኛ ለመሐንዲሶች ምሳሌ ሳይሆን እውነተኛ መግለጫ ነው። አራት ክፍሎችና አራት ቫልቮች አሉት። ቫልቮቹ በየፓምፕ ጣቢያው እንደምንገጥማቸው ቼክ ቫልቮች ደሙን ወደ ፊት ያሳልፋሉ፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። በቀን ወደ መቶ ሺህ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉም። ጤናማ ቫልቭ ቀጭንና ልስልስ ነው። በልጅነት የሚከሠት፣ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ተሐዋስያን የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ካልታከመ ግን የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ መገጣጠሚያንና ልብን የሚያጠቃበት ጊዜ አለ። ሐኪሞች ይህን የሩማቲክ ትኩሳት ይሉታል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ ቫልቩ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል፤ ይወፍራል፤ ይጠባል ወይም ያፈሳል።

ቫልቭ ሲያፈስ በዙሪያው ፈሳሹ እንደሚናወጥና ግድግዳውን እንደሚፍቀው እናውቃለን። በልብ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። በተፋቀው ሥፍራ ላይ ትንሽ የረጋ ደም ይለጠፋል። ከጥርስ፣ ከቆዳ ቁስል፣ ንጹሕ ካልሆነ መርፌ ወይም ምላጭ ወደ ደም የገባ ተሐዋስያን እዚያ ያርፍና ይራባል። ቫልቩ የራሱ የደም ሥር የለውም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የሰውነት ወታደሮች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት በቀላሉ አይደርሱበትም። ተሐዋስያኑ ተደራርበው በረጋው ደም ተሸፍነው ስለሚኖሩ መድኃኒቱም ወደ ውስጥ የሚደርሰው በስርገት ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ሌላውን ሕመም በሳምንት የሚፈውስ መድኃኒት ይህንን ለመፈወስ በከፍተኛ መጠን፣ በደም ሥር፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መሰጠት ይኖርበታል። የተሐዋስያኑን እድገት የሚገታ ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ የሚገድል መድኃኒትም መሆን አለበት። በየገበያው የሚሸጠው ቴትራሳይክሊን የሚገታ እንጂ የሚገድል አለመሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ስሙ ታውቆ መድኃኒት ያልነበረበት ዘመን

ካናዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦስለር እ.ኤ.አ. በ1885 በለንደን ባሰሙት ተከታታይ ንግግር ይህን በሽታ በዝርዝር ገለጡት። ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል ሐኪሞች በሽታውን ከመለየት በቀር ምንም ሊያደርጉ አልቻሉም። የታወቀው የሙዚቃ ደራሲ ጉስታቭ ማህለር እ.ኤ.አ. በ1911 ዓመት መጀመሪያ በኒው ዮርክ ታመመ። በዘመኑ ከፍተኛ ዕውቀት ያላቸው ሐኪሞች ደሙን ቀድተው በላቦራቶሪ አበቀሉ፤ ስትሬፕቶኮከስ መሆኑንም አረጋገጡ። ስሙ ታወቀ፤ መድኃኒት ግን አልነበረም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በቪዬና ከተማ ሞተ።

በማህለርና በአክስቴ ልጅ መካከል ከመቶ ዓመት በላይ አለ። ማህለር የገዳዩ ስም ታውቆለት መድኃኒቱ አልተፈጠረለትም ነበር። የአክስቴ ልጅ መድኃኒቱ ተፈጥሮለት የገዳዩ ስም አልታወቀለትም። የመጀመሪያው የዘመን ችግር ነው፤ ማንም አይወቀስበትም። ሁለተኛው የአደረጃጀት ችግር ነው፤ የሚስተካከለውም በሰው እጅ ነው።

ድልና የተላመደ ጠላት

ፔኒሲሊን በብዛት መመረት በጀመረበት ጊዜ በአሜሪካ የልብ በር ብክለት ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። በጦርነቱ ምክንያት መድኃኒቱ በቁጠባ ይታደል ስለነበረ ለበሽተኞቹ የተሰጠው መጠን ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነበር። ስለዚህ ፔኒሲሊን ለዚህ በሽታ እንደማይሆን ተቆጥሮ ሊተው ተቃረበ። በብሩክሊን የነበሩት ዶክተር ሊዮ ሎው ግን ጉድለቱ ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከመጠኑ መሆኑን አምነው፣ ከፋይዘር ኩባንያ መድኃኒት ለምነው፣ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1944 ሰባት በሽተኞች በተከታታይ እንደዳኑ አስታወቁ። ያለ ጥርጥር ይገድል የነበረ በሽታ ከዚያ ወዲህ የሚድን ሆነ።

ድሉ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥላ ነበረበት። ፖሊሱ ከመታከሙ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1940 መጨረሻ፣ ከኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ሁለቱ አብርሃምና ቼይን አንዳንድ ተሐዋስያን ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ንጥረ ነገር እንደሚያመነጩ አሳውቀው ነበር። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር፣ ማንም ሰው ከሱቅ ገዝቶ በአነስተኛ መጠን የሚወስድበት ጊዜ ቢመጣ ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲቋቋሙ ማስተማር ይሆናል ብለው አስጠነቀቁ። ያሉት ጊዜ ለመምጣት አልዘገየም። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሜሪ ባርበር በለንደን በአንድ ሆስፒታል የመረመሩት ስታፊሎኮከስ እ.ኤ.አ. በ1948 ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለፔኒሲሊን የማይበገር ሆኖ አገኙት።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የምሽግና የመድፍ እሽቅድምድም ይመስላል። ፔኒሲሊንን የሚሰብረውን ንጥረ ነገር የሚቋቋም ሜቲሲሊን የተባለ መድኃኒት ተሠርቶ ሥራ ላይ እንደዋለ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ለእርሱም የማይበገር ስታፊሎኮከስ በእንግሊዝ አገር ተገኘ። ይህ ዓይነቱ ስታፊሎኮከስ ዛሬ በዓለም ዙሪያ፣ በአገራችንም ሆስፒታሎች ይገኛል። ለእርሱ ዋናው መድኃኒት ሆኖ የቆየው ቫንኮማይሲን የተገኘው በቦርኒዮ ደሴት የነበረ አንድ ሚስዮናዊ ከጫካ ቆፍሮ ለአሜሪካ መድኃኒት ቀማሚዎች ከላከው አፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ተፈቀደ። ከአፈሩ የወጣው የመጀመሪያው ዱቄት ጭቃ የመሰለ ስለነበረ ጭቃ እያሉ ይጠሩት ነበር። ቫንኮማይሲን ፈጥኖ አይሰጥም፤ በቀስታ መንጠባጠብ አለበት፤ ኩላሊትንም ስለሚጎዳ በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ዳፕቶማይሲን ደግሞ የኖኅ መርከብ ዐረፈችበት ከሚባለው ከአራራት ተራራ አፈር የተገኘ ሲሆን፣ በደምና በቀኝ የልብ ክፍል ለሚከሠት የስታፊሎኮከስ ብክለት እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈቀደ።

ኢንትሮኮከስ የተባለው ሌላው ተሐዋስያን ደግሞ ሌላ ትምህርት አስተምሯል። እርሱን ፔኒሲሊን ብቻውን አይገድለውም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሐኪሞች ፔኒሲሊንን ከስትሬፕቶማይሲን ጋር ሲያጣምሩ ግን ጥምረቱ እንደሚገድለው ተገነዘቡ፤ አንዱ የተሐዋስያኑን ቅጥር ሲያሳሳ ሌላው በቀዳዳው ገብቶ ይገድላልና። ለአንዱ የማይበገር ጠላት ለሁለቱ ጥምረት ሊበገር ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን የትኛው ጥምረት ለየትኛው ጠላት እንደሚሆን ለማወቅ አስቀድሞ ጠላቱን መለየት ግድ ነው። እነሆ ነገሩ ሁሉ ወደ ደም ካልቸር ይመለሳል።

የመሐንዲሱ ድርሻ

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ እንመለስ። የልብ በር የሚያበጅ መሐንዲስ ነበረን? አዎን፣ ነበረ። ሎዌል ኤድዋርድስ አሜሪካዊ የሃይድሮሊክስ መሐንዲስ ሲሆኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላኖች ያገለገሉበትን የነዳጅ ፓምፕ የፈለሰፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1958፣ በ60 ዓመታቸው፣ ጡረታ ወጥተው ሳሉ፣ አልበርት ስታር ወደ ተባሉ የ32 ዓመት ወጣት ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሄደው ሰው ሠራሽ ልብ እንሥራ አሉ። ሐኪሙም ሙሉ ልብ ከመሥራት በፊት አንድ ቫልቭ እንሥራ ብለው መለሱ። በሁለት ዓመት ውስጥ በቀፎ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምትል ኳስ ያለበት ቫልቭ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1960 በሰው ልብ ውስጥ ተገጥሞ ሠራ። ፓምፕ ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይደለም፤ ብልሃቱ በሰው ልብ ውስጥ ለዓመታት እንዲኖር ማድረጉ ላይ ነው።

ይህ ፈጠራ ለተበከለ ቫልቭም በር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መድኃኒት ያላዳነውን በሽተኛ የተበከለ ቫልቭ ቆርጠው በሰው ሠራሽ ቫልቭ በመተካት እንደፈወሱት አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት የተላመደ ተሐዋስያን ቫልቭን ሲያፈርስ ቀዶ ሕክምና ከሕክምናው አንዱ ክፍል ሆነ። ይሁን እንጂ መሐንዲስ ሁሉ እንደሚያውቀው እያንዳንዱ መፍትሔ የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይወስዳል፤ መጠኑም በደም ምርመራ መቆጣጠር አለበት። ቫልቩ ራሱም ሊበከል ይችላል፤ ያ ሲሆን ከመጀመሪያው ይበልጥ ለማዳን ያስቸግራል።

በእኛ አገር

በአገራችን ለገጠሩ ሕዝብ የጤና ባለሙያ ለማፍራት የተደረገው ታላቅ ጥረት እ.ኤ.አ. በ1954 በተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተጀመረ። ከዚያ የወጡ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን ሆነው በየጠቅላይ ግዛቱ ጤና ጣቢያዎች ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ተከተለ። የልብ ቀዶ ሕክምና ግን ለብዙ ዓመታት ወደ ውጭ አገር በመላክ ብቻ የሚገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር ሕፃናትን ወደ ውጭ እየላከ ሲያሳክም ቆይቶ፣ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ከውጭ በሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖች የተጀመረው ሥራ ቀስ በቀስ ወደ አገር ልጆች እጅ ገባ።

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከባሕር ዳር ደግሞ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለአንድ የቡሬ ገበሬ የስድስት ሳምንት የመርፌ ሕክምና ማለት የስድስት ሳምንት ቤት ኪራይ፣ የአስታማሚ ቀለብ፣ ያልታረሰ መሬት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ በዴንማርክ 400 በሽተኞችን ያሳተፈ ጥናት፣ ሕመማቸው የተረጋጋ ሰዎች ቢያንስ 10 ቀን በደም ሥር ከታከሙ በኋላ በሚዋጥ መድኃኒት ቢቀጥሉ ውጤቱ እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ለገጠራችን ተስፋ ነው። ነገር ግን እዚያ የተመረጠው የሚዋጥ መድኃኒት ተሐዋስያኑ ተለይቶ የታወቀ ስለነበረ ነው፤ ለሜቲሲሊን የማይበገረው ስታፊሎኮከስም በጥናቱ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ያለ ካልቸር በግምት የሚወሰድ ዕርምጃ ከዴንማርኩ ጥናት ጋር ሊመሳሰል አይችልም።

የደም ካልቸር ምን ይፈልጋል? ሠላሳ አምስት ዲግሪ አካባቢ ሳያቋርጥ ሙቀቱን የሚጠብቅ ሣጥን፣ የማይቆራረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ንጹሕ ውሃ፣ ተሐዋስያንን የሚገድል የእንፋሎት ማምከኛ፣ የሚጠገን መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ። ከእነዚህ መካከል የሐኪም ሥራ የሆነው ጥቂቱ ነው። ኃይሉ፣ ውሃው፣ ጥገናው የእኛ ነው። መብራት ለስድስት ሰዓት ሲጠፋ ፋብሪካ ያጣውን ገንዘብ እንቆጥራለን። በላቦራቶሪ ሣጥን ውስጥ የቀዘቀዘውን የሰው ደም ግን በየትኛው መዝገብ ላይ እንደምንጽፈው አላውቅም።

ከበሩ በፊት ያለው በር

ከሁሉ የሚረክሰው ሕክምና ቫልቩ ከመጎዳቱ በፊት የሚደረገው ነው። በሩማቲክ ትኩሳት የተያዘ ልጅ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለውን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየተወጋ ቢያድግ ልቡ ዳግም እንዳይጎዳ ሊጠበቅ ይችላል። ደስ የሚለውም ነገር፣ ይህን በሽታ የሚያመጣው የጉሮሮ ስትሬፕቶኮከስ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አለመላመዱ ነው። ከ80 ዓመት በኋላም ያው የ1933ቱ መድኃኒት ይበግረዋል። የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ተሰብስበው የሩማቲክ የልብ በሽታን ከአህጉሩ ለማጥፋት መግለጫ አውጥተዋል፤ የዓለም የጤና ጉባዔም እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ ጉዳይ ውሳኔ አሳልፏል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኞች አሉት። የልጅ ጉሮሮ ሲታመም እንጥል የሚቆርጠውን ምላጭ ሳይሆን ጤና ኬላን ማሰብ እንዲለመድ ማድረግ የሚችሉት እነርሱና የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው።

እንጥል ማስቆረጥን እዚህ የማነሣው ወላጆችን ለመውቀስ አይደለም። አክስቴ ልጃቸውን ያስቆረጡት ስለሚወዱት ነው፤ ከዚያ የተሻለ በአቅራቢያቸው አልነበረምና። እንክብሉንም ከገበያ የገዙት በዚሁ ፍቅር ነው። መድኃኒት እንደ ወንዝ ውሃ የጋራ ነው። ከላይ ያለው ሰው ያለ አግባብ የቀዳውና ያደፈረሰው ከታች ያለውን ያስጠማዋል። በፈጣም ወይም በብር ወንዝ ላይ ቦይ ስንሠራ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር እናቋቁማለን፤ ተራ እንሰጣለን፤ ጠባቂ እናቆማለን። ለመድኃኒት ይህን አላደረግንም። በሁለት ቀን የተቋረጠ እንክብል፣ ያለ ትእዛዝ የተሸጠ መርፌ ለማይታወቅ ሰው የወደፊት ሕመም ጠላትን ማሠልጠን ነው። የአክስቴን ልጅ የገደለውን ተሐዋስያን ማን እንዳሠለጠነው ማንም ሊናገር አይችልም፤ ምናልባትም ሁላችንም ነን።

ለአክስቴ መልሴ ይህ ነው። የልብ በር የሚያበጅ መሐንዲስ ነበረ፤ ዛሬም አለ፤ በአዲስ አበባም የሚገጥሙት የአገር ልጆች አሉ። ልጅዎን ያጣነው ግን በሩን የሚያበጅ ስለጠፋ ሳይሆን፣ ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድ በየቦታው የተቆረጠ ስለነበረ ነው፤ አንዱ በጉሮሮው ሕመም ቀን፣ አንዱ በእንክብሉ ቀን፣ አንዱ በደሙ ምርመራ ቀን። የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ መንገድ መሥራት የእኛ ሙያ ነው። በየወረዳው ሆስፒታል የምትሠሩ ሁሉ የላቦራቶሪው የኃይል መስመር ከመጠባበቂያ ጄኔሬተር ጋር መገናኘቱን፣ የውሃው ቧንቧ ከማምከኛው ክፍል መድረሱን በሚቀጥለው ጉብኝታችሁ ተመልከቱ። ይህ ሥራ ስም አያስጠራም፤ ምረቃም የለውም። ነገር ግን የገዳዩ ስም ታውቆ መድኃኒቱም የሚገኝበት ዘመን ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።